ልጁ እውነቱን ከሌላ ሰው አይስማ

በጤና ተቋም ከሚቀርቡ የተለመዱ ጥያቄዎች አንዱ «ከቤተሰብዎ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው አለ?» የሚለው ነው። አብዛኞቻችን ብዙ ሳናስብ እንመልሰዋለን። በጉዲፈቻ ላደገ ሰው ግን ጥያቄው ተዳፍኖ የኖረ ስሜት ይቀሰቅሳል።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በዋጃ፣ በቆቦ፣ በአላማጣና በኮረም አካባቢ በርካታ ሕፃናት ወላጆቻቸውን አጥተዋል። ከፊሎቹን ዘመድና ጎረቤት፣ ከፊሎቹን የሕፃናት ማሳደጊያ አሳድጓቸዋል። ዛሬ አርባ ዓመት ያለፋቸው ጎልማሶች ናቸው።

አሳዳጊዎች ብዙ ጊዜ «እንዳይከፋው» ብለው እውነቱን ይደብቃሉ። ሐሳቡ ከደግነት የመነጨ ነው፤ ነገር ግን መንደር ምስጢር አይጠብቅም። ልጁ በጨዋታ መሐል በተሰነዘረ ስድብ፣ በለቅሶ ቤት ወይም ለጋብቻ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር ይሰማዋል። ያን ጊዜ ይበልጥ የሚጎዳው ሁሉም እያወቀ እሱ ብቻ አለማወቁ ነው።

በፍቅር ያደገ ልጅም ቢሆን «ለምን ተሰጠሁ?» ብሎ ሊያዝን፣ እንደገና እንዳይተውም ሊሰጋ ይችላል። ስለ ወላጆቹ መጠየቅን እንደ ውለታ ቢስነት የሚቆጥርም አለ። ጥያቄው በተለይ በጉርምስና ዕድሜ ይበረታል። ይህ ሐዘን እንጂ በሽታ አይደለም።

በእኔ እምነት መፍትሔው ቀድሞ መንገር ነው። ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በአጭሩ ይነገረው፤ እያደገ ሲሄድ ዝርዝሩ ይጨመርለት። የወላጆቹ ስም፣ የትውልድ ቀበሌውና በቤተሰቡ የሚታወቅ ሕመም ካለ ተጽፎ ይቀመጥለት። ወላጆቹን በፊቱ አታንቋሹ። ሲጠይቅም «ምን አጎደልንብህ?» አትበሉት። እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ ትምህርቱን ከተወ ወይም ስለ መሞት ካወራ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከወላጅ ቤተሰቡ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ሕጉ ያልበጠሰውን እኛ በዝምታችን መበጠስ የለብንም።

ሳይነገራቸው ለጎለመሱትም ጊዜው ገና አላለፈም። ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን አሳዳጊዎች እያረጁ ነው። እነርሱ ሲያልፉ የወላጆቹ ስም አብሮ እንዳይቀበር፣ የሚያውቁትን ዛሬውኑ ይናገሩ።