ዘጠኝ ዓመት ጠፍተህ ባቢሌ?

የእህቴ ልጅ ከላስ ቬጋስ መጥቶ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። እዚያ ታክሲ ይነዳል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ የድሬዳዋው ሰፈራችን ከዚራ ጭር ብላ ውሻው እንኳ ጥላ ፍለጋ ግንብ ሥር በተጋደመበት ሰዓት፣ በረንዳ ላይ ፍራሽ ዘርግተን ስልኩን እየተቀባበልን ፎቶ እናይ ነበር። ቀይ ድንጋይ፣ ባዶ ሸለቆ፣ ድንጋይ የተሸከመ ድንጋይ፣ አጠገቡ ቆሞ የሚስቅ የእህቴ ልጅ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አንዱን ፎቶ ብዙ ካየችው በኋላ ስልኩን መለሰችለት።

«አቦ፣ ዘጠኝ ዓመት ጠፍተህ ባቢሌ ሄደህ ነው የተነሳኸው?»

እኛ ሳቅን፣ እሱ ተቆጣ። «እማማ፣ አሜሪካ ነውኮ! ሰው ከጃፓን ድረስ ትኬት ቆርጦ የሚመጣበት ቦታ ነው።»

«ጃፓኖቹ ጅጅጋ ዘመድ የላቸውም ማለት ነው» አለችና ወደ ቡናዋ ተመለሰች።

ሳቁ ሲበርድ ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ከሐረር በባቢሌ አድርጎ ወደ ጅጅጋ የሄደ ሰው የዳከታን ሸለቆ ያውቀዋል፤ የቱሪስት መጻሕፍት «የድንቆች ሸለቆ» የሚሉትን። መኪናው ከባቢሌ ወጥቶ ጥቂት እንደሄደ ግራና ቀኙ ይለወጣል። ቤት የሚያህል ቋጥኝ በጠባብ አንገት ላይ ቆሟል። ሌላው ሊወድቅ ዘንበል ብሎ ሳይወድቅ ቀርቷል። ሌላው ደግሞ ሦስት ድንጋይ ደርድሮ እላዩ ላይ ቆብ የደፋ ሽማግሌ ይመስላል። ተሳፋሪው ግን ከባቢሌ የገዛውን ለውዝ እየፈለፈለ ነው። እኔም ያን መንገድ ስንቴ እንደሄድኩት አላስታውስም፤ ቀና ብዬ ያየሁት ግን መኪናችን ጎማ የፈነዳ ቀን ብቻ ነው።

እነዚያን ድንጋዮች ማንም አንስቶ አልጫናቸውም፤ ከመካከላቸው አፈሩ ነው የወጣው። ግራናይቱ መሬት ውስጥ ሳለ ቁልቁልም አግድምም ተሰነጠቀ። ውሃ በስንጥቁ እየሰረገ ጠርዝ ጠርዙን በላው፤ መሀሉ ያለው ጠንካራው ክፍል እንደ ድንች ክብ ሆኖ ቀረ። በኋላ ዝናብ የበሰበሰውን ዙሪያ አጥቦ ሲወስደው ድንቾቹ እርስ በርስ እንደተደራረቡ ፀሐይ ወጣባቸው። በደቡብ ካሊፎርኒያ በረሃ ጆሹዋ ትሪ የሚባል ፓርክ አለ፤ ድንጋዩም ግራናይት፣ አሠራሩም ይኸው ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. ጥበቃ ተደረገለት፣ በ1994 ብሔራዊ ፓርክ ተባለ፤ ዛሬ በዓመት ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ይጎበኘዋል። የእህቴ ልጅ ሲስቅ የተነሳው እዚያ ነው። ስለዚህ እናቴ የተሳሳተችው በአገሩ እንጂ በድንጋዩ አይደለም።

በሌላው ፎቶ ግን ተሳስታለች። አሪዞና ውስጥ ክንዱን ወደ ሰማይ የዘረጋ አረንጓዴ ነገር አጠገብ ቆሞ ስታየው «ይኸው ቁልቋል!» ብላ ነበር። ልጅ ሆነን ሲኒማ ቤት የካውቦይ ፊልም ስናይም እንደዚያው ነበር የምንለው፤ ፈረሰኛው በደንገጎ ዳገት የሚመጣ ይመስለን ነበር። (ከእነዚያ ፊልሞች ብዙዎቹ የተነሱት አሜሪካ ሳይሆን ስፔን፣ አልሜሪያ አካባቢ ባለ በረሃ መሆኑን ያወቅኩት ጎልምሼ ነው። ተታልለን ነው ያደግነው።) የአሪዞናው ተክል ሳዋሮ ይባላል፤ የመጀመሪያውን ክንድ ለማውጣት ከ50 ዓመት በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ከእኛ ቁልቋል ጋር ዝምድና የለውም። ሁለቱም ውሃ በሚያጥርበት አገር ስለሚኖሩ ቅጠላቸውን ጥለው ግንዳቸውን ጎተራ አደረጉ፣ እሾህ አበቀሉ፤ እንዲህ መልካቸው ተመሳሰለ። የእኛን ብትቆርጠው ነጭ ወተት ይፈሳል፤ «ዓይን ያጠፋል» እየተባልን ነው ያደግነው፣ እውነትም ዓይን ይጎዳል። ሳዋሮ ወተት የለውም። ከአሜሪካ የመጣው፣ ከሳዋሮ ጋር በእርግጥ የሚዛመደው፣ እናቴ አጥር ሥር የተከለችውና የሐረርጌ ልጅ ሁሉ ፍሬውን እየላጠ የሚበላው በለስ ነው። ይህን ስነግራት አላመነችኝም። አያቷም ይበሉት ነበርና።

ደንገጎን አነሳሁ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ያን ዳገት ጨርሰን ሐረማያ ስንደርስ 2,000 ሜትር እንሆናለን። ከተማችን የተቆረቆረችውም በዚህ ግድግዳ ምክንያት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሐረር ሊገባ አስቦ ዳገቱ እምቢ ስላለው በ1895 ዓ.ም. እግሩ ሥር ቆመ፤ ከተማውም እዚያው በቀለ። ደመናንም የሚያስቆመው ይኸው ግድግዳ ነው። ዝናቡ ላይኛው አገር ይወርዳል፤ የደቻቱ ወንዝ ተሸክሞት በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች መሀል ያልፋል።

እንግዳ ሰው ደቻቱን ሲያይ «ወንዙ የታለ?» ይላል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ወደ ቀፊራ ገበያ የሚሄድ ሰው ያቋርጠዋል። ውሃ ሲመጣበትም ባሕር አይደርስም፤ ወርዶ ወርዶ ቆላው አሸዋ ውስጥ ይጠፋል። (ግራንድ ካንየንን፣ 1.6 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ያለውን ያን ገደል የቆፈረው ታላቁ የኮሎራዶ ወንዝም ዛሬ ለከተማና ለእርሻ እየተቀዳ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ሳይደርስ ይደርቃል። ባሕር አለመድረስ የድሃ ወንዝ ጠባይ ብቻ አይደለም።)

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል የሆነውን የድሬ ሰው ሳይጠየቅ አያወራም፤ ተጠይቆም ይቆጥባል። ሰው ተኝቶ ነበር። ጎርፉ ከተራራው ጭቃውን፣ ግንዱን፣ ቋጥኙን እየነዳ መጥቶ ቤቱን ከነባለቤቱ ወሰደ። ከ250 ሰው በላይ ሞተ፤ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ጠዋት በመጋላ በኩል የወረደ ጎረቤታችን ሲመለስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር።

ለእህቴ ልጅ ያንን ሳወራለት ስልኩን አውጥቶ ሌላ ፎቶ አሳየኝ። ጠባብ ዋሻ ነገር ነው፤ ግድግዳው እንደ ሐር ተጠቅልሎ ከላይ የፀሐይ ጨረር ወርዶበታል። አንቴሎፕ ካንየን ይባላል፤ አሪዞና፣ በናቫሆ ሕዝብ መሬት ላይ ነው ያለው። ያን ሁሉ ውበት የሠራው ደራሽ ጎርፍ ነው፤ አሸዋ የተሸከመ ውሃ ድንጋዩን አናጢ በብርጭቆ ወረቀት እንደሚፈትግ ፈትጎ አለሰለሰው። እዚያው ቦታ በ1997 እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 11 ጎብኚዎች ሞቱ። እነሱ ካሉበት በላይ፣ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ዘነበ፤ የማያዩት ዝናብ በማያውቁት መንገድ መጣባቸው። ልጁ ያን ታሪክ ያወቀው ካስጎበኛቸው የናቫሆ ሰው አፍ ነው። ዛሬ ያለ መሪ ማንም አይገባም፤ ዝናብ ካሰጋም ጉብኝቱ ይቆማል።

የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። እኛ በረሃን «ምንም የሌለበት» ብለን ስንጨርስ ሁለት ነገር አብሮ ያመልጠናል፤ ድንቁም አደጋውም። ሁለቱም የአንድ ውሃ ሥራ ናቸውና አንዱን ያላየ ሌላውን አያይም። የዳከታን ቋጥኝ ማን ጠረበው ብሎ ያልጠየቀ ልጅ ደረቁ ደቻቱ ለምን ሰፊ ሆነ ብሎም አይጠይቅም። ያ ስፋት ግን ውሃው ራሱ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ግንብ ተሠርቷል፤ ደግ ነው። ግንብ ግን ልጅ አያስተምርም።

ከደቻቱ በላይ፣ ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ስሙ ፈረንሳይኛ ሲሆን ጃርት ማለት ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. ያገኙት ሁለት ፈረንሳውያን እርስ በርስ የማይመሳሰሉ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ቴያር ደ ሻርደን የሚባል ካህንና የቅሪተ አካል አጥኚ፣ ሌላው ሐሺሽና ጠመንጃ ሲነግድ የኖረው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ። በ1933 የጥንት ሰው መንጋጋ ተገኘበት። በኋላ በተደረጉ ቁፋሮዎች የወጣው ደግሞ እኔን ይበልጥ ያስገርመኛል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ4,200 በላይ የቀይ ቀለም ድንጋይ ቁራጮች፣ በጠቅላላው 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ፣ ቆጥሮ መርምሯል። ዘመኑ ከ40,000 ዓመት በፊት ነው። ሰዎቹ እየፈጩ፣ እየፋቁ ለ4,500 ዓመት ያህል ተጠቅመውበታል። ድሬዳዋ ገና መቶ ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው። በስተደቡብ ምዕራብ በኩል ያለው ለገ ኦዳ ደግሞ ግድግዳው ላይ ከብትና ሰው ተሥሎበታል። በኦሮምኛ ለገ ወንዝ፣ ኦዳ የሾላ ዛፍ ነው። የቦታው ስም ራሱ ውሃ ነበር ይላል።

የአዲስ አበባ ወዳጄ ፖርክ ኤፒክን አሳየኝ ብሎኝ ያውቃል። ባጃጅ ነጂውን ጠየቅን፣ የለም አለ። ሁለተኛው ስሙን ሰምቶ ሆቴል መሰለው። እኔም ተወልጄ ያደግኩት ሰውዬ በትክክል መንገዱን አላውቀውም ነበርና ዞረን ዞረን ጭማቂ ቤት ገባን። ናቫሆዎች ግን ሞኑመንት ቫሊን፣ ያን የካውቦይ ፊልም ሸለቆ፣ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሳቸው ያስተዳድሩታል፤ የመግቢያ ገንዘቡን ይቀበላሉ፣ መሪዎቹም የራሳቸው ልጆች ናቸው። ለባቢሌና ለዳከታ ልጆች የምመኘው ይህንኑ ነው። ከሌላ ከተማ የተላከ አስጎብኚ ከጋዜጣ ያነበበውን ይናገራል፤ የሰፈሩ ልጅ ግን በየትኛው ቋጥኝ ሥር ፍየል እንደጠፋችበትና ጎርፉ እስከየት እንደሚደርስ ያውቃል።

ልጁ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ማታ ላይ ደቻቱ ድልድይ ድረስ ሸኘነው። አሸዋው ላይ ወርዶ ፎቶ መነሳት አማረው፤ ላስ ቬጋስ ላሉት ጓደኞቹ «አሪዞና ነው» ብሎ ሊያታልላቸው። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። እናቴ ግን ወደ እሱ አልነበረም የምታየው፤ ፊቷን ወደ ደንገጎ አዙራ ነበር። እዚያ ላይ ሰማዩ ጠቁሯል።

«ቶሎ ተነሳና ውጣ» አለችው።