«ሲስተም የለም» የሚባለው ሰበብ

በአገራችን ይግባኝ የማይባልባት አንዲት ውሳኔ አለች፦ «ሲስተም የለም!» ባንክ ቤት ትሰሟታላችሁ፣ ግብር መክፈያው መስኮት ላይ ትሰሟታላችሁ፣ መንጃ ፈቃድ ማሳደሻው ጋ ትሰሟታላችሁ። ከሰቆጣ ተነሥቶ ባሕር ዳር አልጋ ይዞ ያደረ ባለጉዳይ ይቺን ቃል ሰምቶ ሁለተኛ ሌሊት ያድራል። የአልጋውን ማን ይከፍልለታል? ማንም።

ሲስተምን እንደ ዝናብ ማየት ለምደናል። ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ ይሄዳል፣ ተጠያቂ የለውም። እኔ ግን ተጠያቂ አለው እላለሁ። ሲስተም ማለት አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰርቨርና ያንን ሰርቨር የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። ያ ሰው የሚያውቀውን ማንም በአማርኛ አላስጻፈውም። ሰውየው ሲታመም፣ ሲዛወር ወይም ለተሻለ ደመወዝ ሲለቅ ማንዋሉም በጭንቅላቱ ውስጥ ሆኖ አብሮት ይሄዳል።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቅ ላስረዳ። ዛሬ መሥሪያ ቤቶች ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ሰርቨር አይገዙም። አንድ ጠንካራ ማሽን ገዝተው በሶፍትዌር ይከፋፍሉታል። በውስጡ የደመወዙ፣ የፋይናንሱ፣ የሰው ኃይሉና የመዝገብ ቤቱ ሰርቨር ለየብቻው እንዳለ ሆኖ ይሠራል። ቨርቹዋላይዜሽን የሚሉት ይህን ነው። ገንዘብም መብራትም ይቆጥባል። ያ አንድ ማሽን የወደቀ ቀን ግን አራቱም ክፍል አብሮ ሥራ ያቆማል።

የሚወድቅበት ምክንያት ደግሞ ጥቃቅን ሊሆን ይችላል። ቴክኒሻኑ አፕዴት ከማድረጉ በፊት ስናፕሾት ይይዛል፤ ነገሩ ቢበላሽ ወደነበረበት ሊመለስበት ነው። የቪኤምዌር መመሪያ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ይላል። ፋይሉ እያደገ ሄዶ ዲስኩን ሊሞላው ይችላል፤ ዲስኩ ሲሞላ በላዩ ያሉት ሰርቨሮች ቀጥ ይላሉ። ይህን ያላነበበ ልጅ ስናፕሾቱን ይዞ ይረሳዋል። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት እናንተ መስኮቱ ጋ ቆማችሁ «ሲስተም የለም» ትባላላችሁ።

መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው። ዩፒኤሱ የሚሰጠው የደቂቃዎች ዕድሜ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች መጀመሪያ በውስጥ ያሉት ሰርቨሮች፣ ቀጥሎ የተሸከማቸው ማሽን፣ መጨረሻ ላይ ስቶሬጁ መዘጋት አለበት። ሲነሣ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ይህ በአንድ ገጽ አማርኛ ተጽፎ ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ቢለጠፍ ተረኛ የሆነ ሁሉ ያነበዋል። በስንቱ መሥሪያ ቤት ተለጥፏል?

ችግሩ በሰርቨር አያበቃም። ለመስክ ሠራተኛ ታብሌት ይታደላል። ታብሌቱን የሚከፍተው ሠራተኛው በራሱ ጂሜይል፣ አለዚያም የሞባይል ቤቱ ልጅ በፈጠረለት ጂሜይል ነው። ሠራተኛው ለቆ ታብሌቱ ከቅንብሩ ውጪ በግድ ሪሴት ሲደረግ አንድሮይድ የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃል። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በወጡት አንድሮይዶች ላይ ያለ የስርቆት መከላከያ ነው። አካውንቱን የሚያውቅ ከሌለ በሕዝብ ገንዘብ የተገዛው ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከማስረከብህ በፊት አካውንትህን አጥፋ የሚል አንድ መስመር ያድነው ነበር።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያጋጠመውን አንረሳውም። ሰዎች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ በአንድ ሌሊት አወጡ። ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው ብሏል። በአገሪቱ ትልቁ ባንክ ላይ አንድ የማሻሻያ ሥራ ይህን ካመጣ አንድ ቴክኒሻን ብቻ ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ምን ይዋጠው?

«እንግሊዝኛው አለ፣ ያንብቡት» የሚሉ አሉ። ለእነሱ አንድ ቁጥር ልጥቀስ። በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። የወረዳውን ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጣ፣ ከዚያም ቴክኒክና ሙያ የተማረ ነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ እጁ ከብዙ ዲግሪ ይበልጣል። አማርኛ የመንግሥት የሥራ ቋንቋ ነው። የልጁ የቅጥር ደብዳቤ በአማርኛ ነው፣ ቢያጠፋ የሚከሰስበት ክስ በአማርኛ ነው፤ እንዳያጠፋ የሚረዳው ማንዋል ብቻ በእንግሊዝኛ ነው።

የእኔ ዕድሜ እኩዮች ፕላዝማን እናስታውሳለን። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ተናግሮ ይሄድ ነበር። ስክሪኑ ሲበላሽ የሚጠግነው ጠፍቶ በየትምህርት ቤቱ አቧራ ለበሰ። ዛሬ ፋይዳ፣ መሶብ፣ ዲጂታል ኢትዮጵያ እያልን ነው። መልካም። ግን ዕቃ ገዝቶ ዕውቀቱን ሳይገዙ መመለስ የቆየ በሽታችን ነው።

«መጀመሪያ የአማርኛ ቃል ይፈጠር» የሚሉም አሉ። ይህም ማዘግያ ነው። «ሰርቨሩን ሪስታርት አድርገው» አማርኛ ነው፤ ግሱም ሰዋስውም የእኛ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር አማርኛን ጨምሮ በአምስት ቋንቋዎች ነበር የቀረበው። ገንዘብ የሚገኝበት ቦታ ላይ ቋንቋ ችግር ሆኖ አያውቅም።

«ኤአይ ይተረጉመዋል፣ ጉግል አለ» ለሚሉት መልሱ እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ማንዋሉ ዩቲዩብ ላይ የነበረ ቴክኒሻን ያን ጊዜ ምን ያንብብ? ኅዳር 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ብሮድኮም ቪኤምዌርን ገዝቶ አጠቃለለ። ወዲያውም ለዘለቄታው የሚገዛውን ፈቃድ መሸጥ አቁሞ በየጊዜው ወደሚታደስ ክፍያ አዞረው፤ የቴክኒክ ሰነዶቹም ወደ ሌላ ገጽ ተዛወሩ። በሰው ቤት ያስቀመጡት ዕውቀት ባለቤቱ በሩን የቀየረ ቀን ይህ ይደርስበታል። ኤአይም ቢሆን የእናንተ ሰርቨር ከየትኛው ዩፒኤስ ጋር እንደተያያዘ፣ የይለፍ ቃሉ ማን እጅ እንዳለ አያውቅም። ያን የሚያውቀው እዚያ የሚሠራው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይደረግ።

አንደኛ፣ ማንኛውም የሰርቨርና የታብሌት ግዢ በአማርኛ የተጻፈ የአሠራር ማንዋል ካልቀረበ የመጨረሻው ክፍያ አይፈጸም። ጄኔሬተር ያለ መለዋወጫ አንረከብም፤ ሰርቨር ያለ ማንዋል ለምን እንረከባለን?

ሁለተኛ፣ ሠራተኛ ሲለቅ ላፕቶፑንና ቁልፉን ብቻ ሳይሆን የሚያውቀውን ጽፎ ያስረክብ። ክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው። የታተመ ቅጂ መደርደሪያ ላይ ይኑር።

ሦስተኛ፣ ፖሊ ግቢ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር ሲከፈት ማሽን የሚያንቀሳቅስ እጅ ሊያፈራ ነበር። ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ይሠራሉ። ጥቂቱ የአማርኛ ማንዋል ማዘጋጀት ይሁን። የፕሮክስሞክስ የአስተዳዳሪ መመሪያ ማንም እንዲተረጉመውና እንዲያሰራጨው በሚፈቅድ ነፃ ፈቃድ የወጣ ነው። ፕሮክስሞክስ ሰርቨር የሚከፋፍል ሶፍትዌር ነው፣ ፕሮግራሙም ክፍት ነው። ፈቃድ የሚለመን የለም፤ የጎደለው የሚያዝዝ ሰው ነው።

በጣና ደሴቶች፣ በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ፣ አባቶች ብራና ፍቀው ቀለም በጥብጠው የጻፉት ዘመን ተሻግሮ ዛሬም ይነበባል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያለ ሕዝብ ልጆች ነን። በሚቀጥለው ጊዜ «ሲስተም የለም» ስትባሉ ዝም ብላችሁ አትመለሱ። «ማንዋሉስ አለ?» ብላችሁ ኃላፊውን ጠይቁ።