ምክትል አሰልጣኙ የክለቡ ሰው ይሁን

በአገራችን እግር ኳስ አሰልጣኝ ተቀጠረ ሲባል የሚወራው ስለ ዋናው ነው። ምክትሉ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ይዞት የሚመጣ፣ ዋናው ሲሰናበትም አብሮ የሚሸኝ ሰው ነው። የአርባ ምንጭ ከተማ ክለብ ይህን ልማድ ቢተው ይበጀዋል። አዞዎቹ በ2010 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረዱ፣ በ2013 ተመለሱ፤ በ2015 ዳግም ወረዱ፣ በ2016 እንደገና አደጉ። ለዚህ ሁሉ መውጣትና መውረድ አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት አይቻልም። ነገር ግን አሰልጣኝ በተቀየረ ቁጥር ስለ ተጫዋቾቹ የተጠራቀመው ዕውቀት አብሮ የሚሄድ ከሆነ፣ ክለቡ ሁልጊዜ ከዜሮ መጀመሩ አይቀርም። ያንን ዕውቀት ይዞ የሚቀር ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የምክትሉ ሥራ ቀላል የሚመስለው ስላልተጻፈ ነው። ጨዋታ ሲጀመር የዋናው አሰልጣኝ ሐሳብ ውጤቱ ላይ ነው፤ ማን ካርድ እንዳለበት፣ ማን እንደደከመ፣ ተጋጣሚ ምን እንደቀየረ የሚከታተል ሌላ ዓይን ያሻል። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች መሰለፉ ሲታወቅ ግን ፊፋ ሦስቱን ነጥብ ነጥቆ ለቦትስዋና የ3 ለ 0 ፎርፌ ሰጠ። ቡድኑ በኋላ ምድቡን በበላይነት ቢጨርስም፣ በላብ የተገኘ ነጥብ በመዝገብ ጉድለት ሄደ። እንዲህ ያለው ስህተት የሚቀረው መዝገቡን የሚይዘው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ተለይቶ ሲታወቅ ነው።

ለአርባ ምንጭ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል። ቡድኑ ከደጋፊውም ከአካባቢውም ርቆ ለሳምንታት በሆቴል ይከርማል። ከአዳማ ሙቀት ወደ አዲስ አበባ ከፍታ ሲሻገር የልምምዱን መጠን የሚያስተካክል ሰው ይፈልጋል። ውድድሩ ሲቋረጥና በክረምት ደግሞ በአካባቢው፣ ማለትም በጨንቻ፣ በቦንኬ፣ በካምባና በምዕራብ ዓባያ የሚጫወቱ ልጆችን ወርዶ የሚያይ ያስፈልጋል። ውሉ በአንድ የውድድር ዘመን የተገደበ ዋና አሰልጣኝ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚደርስ ታዳጊ ጊዜ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

“ዋናው አሰልጣኝ ከማያምነው ሰው ጋር እንዴት ይሥራ?” የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። አሰልጣኝ ብሪያን ክላፍ በእንግሊዙ ኖቲንግሃም ፎረስት የረባ ለውጥ ያመጣው የሚያምነው ምክትሉ ፒተር ቴይለር በ1976 እ.ኤ.አ. ከመጣለት በኋላ ነበር፤ ክለቡ በ1977 አደገ፣ በ1978 ሻምፒዮን ሆነ፣ በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። ይሁንና ቴይለር የተፈለገው ተጫዋች የመለየት የራሱ ሙያ ስለነበረው እንጂ ወዳጅ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ክለቡ ብቁ የሆኑ ሁለት ሦስት ዕጩዎችን ያቅርብ፤ ዋናው አሰልጣኝ ከእነሱ ይምረጥ። “ምክትሉ የዋናውን ወንበር ይመኛል” የሚል ሥጋትም ይነሣል። ሥልጣኑ ባልተለየበት ቤት ሽኩቻ መነሣቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ድርሻን በጽሑፍ መለየት እንጂ ደካማ ሰው መቅጠር አይደለም። ስለ በጀት የሚነሣው ጥያቄም ቢሆን፣ አንድ ጊዜ መውረድ ከሚያስከትለው ኪሳራ ጋር ተነጻጽሮ መታየት አለበት።

የክለቡ አመራር ቀጣዩን ምክትል ሲቀጥር የካፍ ላይሰንሱን ይመልከት፣ የሥራ ድርሻውን በውሉ ይጻፍ፣ ቢያንስ የሦስት ዓመት ውል ይስጠው። ደጋፊውም ስለ ዋናው አሰልጣኝ በሚጠይቀው ልክ ስለ ምክትሉ ማንነት ይጠይቅ።