እያነበብን ምን እንሰማለን?



ፋይናል ሲቃረብ በላይብረሪውም በዶርሙም ኢርፎን ሰክቶ የሚያነብ ይበዛል። ስለ ሙዚቃ ሑክም ጥያቄ ያለው ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ። እኛ ዛሬ የምናነሳው ሌላ ነገር ነው፦ ያ ድምፅ በሚያነብ ሰው አእምሮ ውስጥ ምን ይሠራል?

ድሬ ዳዋ ውስጥ ከዜማ መሸሽ ከባድ ነው። ከተማዋ የዓሊ ቢራ የትውልድ ቦታ ናት፤ ባጃጁም ካፌውም በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛ ያዜማል። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ እግሩ በምቱ ሲንቀሳቀስ ያገኘዋል። አእምሮ ዜማን የሚቀበለው በአንድ ክፍሉ ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ድምፅን ከሚለየው ክፍል ጋር እንቅስቃሴን፣ ስሜትንና ትውስታን የሚመሩትም አብረው ይነሳሉ። የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው የሚወደውን ሙዚቃ ሲሰማ አእምሮው ዶፓሚን እንደሚያመነጭ አሳይተዋል። ይህ ጣፋጭ ምግብ ስናገኝም የሚመነጨው ንጥረ ነገር ነው። የሚገርመው፣ የሚወደው ቦታ ከመድረሱ በፊት፣ ገና ሲጠብቀውም ይመነጫል።

ስለዚህ «ሙዚቃ ስከፍት እነቃቃለሁ» የሚል ተማሪ አልዋሸም። ግን መነቃቃት ሌላ፣ መረዳት ሌላ ነው። ስናነብ ቃላቱን በውስጣችን እንላቸዋለን፤ ዘፈኑም ቃላት አሉት። ሁለቱ በአንድ ጠባብ በር ይጋፋሉ። በጆሯችን የሚገባ ንግግር፣ ልብ ባንለው እንኳ፣ በቅደም ተከተል የያዝነውን እንደሚበትን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ደጋግመው አይተዋል።

«እኔ እኮ የምከፍተው ቁርኣን ነው» የሚልም አለ። ኒያው ያማረ ነው። ነገር ግን የሱረቱል አዕራፍ 204ኛ አንቀጽ ቁርኣን ሲቀራ እንድናዳምጥና ዝም እንድንል ያዘናል። ቂርኣቱን የካልኩለስ ማጀቢያ ማድረግ ለቂርኣቱ ሐቁን አይሰጠውም፤ ለካልኩለሱም አይበጅም።

ድምፅ ሁሉ የትምህርት ጠላት ነው እያልን አይደለም። የወሎ ዑለሞች ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ዲኑን በመንዙማ አስተምረዋል። ቁርኣንን ከዜማ ጋር ባናነጻጽርም፣ ሒፍዝ የሚይዝ ሁሉ ይህን ያውቃል፦ አንቀጽ ሲጠፋው ከቀደመው ጀምሮ ድምፁን አውጥቶ ሲቀራ ቀጣዩ ራሱ ይመጣል። እዚያ የሚሰማውና የሚያዘው አንድ ነው። በኢርፎኑ ግን ጆሮ አንድ ነገር፣ ዓይን ሌላ ነገር ይዘው ይለያያሉ።

«ዶርሙ ስለሚጮኽ ነው» ለሚለው መልሱ ሌላ ጩኸት መጨመር አይደለም። የዶርም ጓደኞች ተነጋግረን የጸጥታ ሰዓት እንቁረጥ። ከሱብሒ በኋላ፣ የድሬ ሙቀት ሳይበረታ ያለው ጊዜ በረካ ነው። ከመግሪብ እስከ ዒሻም ኢርፎኑ ቦርሳ ውስጥ ይደር። መጽሐፉ ሲዘጋ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ቁርኣኑን በሙሉ ልብ እናዳምጥ። ይህን አንድ ሳምንት እንሞክረውና የያዝነውን እርስ በርስ እንጠያየቅ፤ ልዩነቱን ያኔ እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን፤ ፈተናውንም ያግራልን። አሚን።