ጠርጥር፣ ኮምፒውተርም ውስጥ አለ ስንጥር!

ጎበዝ! ባላገር በሬ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዋጋ ከመጠየቁ በፊት አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል። ጀርባውን ይዳብሳል፤ ወዲህና ወዲያ አስነድቶ አረማመዱን ያያል። "ስንት ትላለህ?" የሚለው ይኸን ሁሉ ጨርሶ ነው። እኛ ከተሜዎቹ ግን በአንድ በሬ ዋጋ፣ አንዳንዴም በጥማድ በሬ ዋጋ፣ ተገጣጥሞ የቀረበ ኮምፒውተር ስንገዛ የምናየው የቆርቆሮውን ቀለምና ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ነው። ከላይ አማረ፣ ውስጡን ለቄስ!

ይኸን እንድጽፍ ያደረገኝ በቤቴ የደረሰ ነገር ነው። እህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ እቁብ ስትጥል ኖራ በመስከረም 2018 ዓ.ም. 120 ሺህ ብር ወጣላት። ብሩን ለምን እንደፈለገችው ሁላችንም እናውቃለን። ልጇ ኪነ ሕንፃ ነው የምታጠናው። ኮምፒውተር ስለሌላት የጓደኞቿን ማሽን እኩለ ሌሊት ላይ፣ እነሱ ሲተኙ፣ እየተዋሰች ነው ሦስት ዓመት የገፋችው። እህቴ ብሩን በፌስታል ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝና "አንተ ጋዜጣ የምታነብ ሰው ነህ፣ አያታልሉህም" አለችኝ። አይ እህቴ! ጋዜጣ ማንበብና ኮምፒውተር ማወቅ ምን አገናኛቸው?

ብቻዬን እንደማልወጣው ስለገባኝ የሰፈራችንን ኮምፒውተር ጠጋኝ ለምኜ፣ ልጅቷንም ይዤ ወጣሁ። ይኸ ልጅ ካቻቪቴ ከኪሱ የማይለይ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። የመጀመሪያው ሱቅ ገባን። ሻጩ ምላሱ ማር ነው።

"ጋሼ፣ ይኼ ኮር አይ ሰቨን ነው። ሰቨን! አይ ፋይቭ እኮ አይደለም! ራሙ 16 ጊጋ፣ ሀርድ ዲስኩ 1 ቴራ፣ ግራፊክሱ 4 ጊጋ። በ78 ሺህ ብር አዲስ አበባን ቢያስሱ አያገኙትም።"

"ደረሰኝስ?" አልኩት።

"በደረሰኝ ከሆነ ቫት ይጨመርበታላ! 89 ሺህ 700 ይሆናል። ለምን ይጎዳሉ ጋሼ?"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እጄ ፌስታሉን መፍታት ጀምሮ ነበር። ከ120 ሺህ ላይ 42 ሺህ ብር ለእህቴ መልሼላት "ጎበዝ ወንድም" ልባል! ያን ጊዜ ነው ጠጋኙ "ወንድሜ፣ እስቲ አስነሳውና ስሙን እንየው። ከዚያ እንከፍተዋለን" ያለው። ሻጩ "እሽጉ ከተነሳ ዋስትና የለውም!" ብሎ ተቆጣ። "ገና አልገዛነውም፤ ዋስትናው ከየት መጣ?" አለው ጠጋኙ፣ ድምፁን ሳያነሳ።

የተገኘውን ልንገራችሁ። "ሰቨኑ" ኮር አይ ሰቨን 3770 ይባላል። በ2004 ዓ.ም. ለገበያ የወጣ፣ ሦስተኛ ትውልድ ነው። እኛ ገበያ በወጣን ጊዜ ከ13 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው! ሰቨን፣ ፋይቭ፣ ስሪ የሚሉት በየትውልዱ ውስጥ ያለውን ማዕረግ ነው የሚናገሩት፤ ዕድሜውን የሚናገረው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ኮር አይ ስሪ 12100 በማዕረግ ተራ ወታደር ቢሆንም ይኸን ጡረተኛ ኮሎኔል ይቀድመዋል። ሻጩ ግን ኮሎኔልነቱን እንጂ ጡረታ መውጣቱን አልነገረንም።

"4 ጊጋው" ግራፊክስስ? ጂቲ 730 የሚባል፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣ፣ ያውም ዘገምተኛው የማስታወሻ ዓይነት የተገጠመለት ካርድ ነው። ጊጋ የጎተራው ስፋት እንጂ የወፍጮው ፍጥነት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ጂቲኤክስ 1650ም 4 ጊጋ ነው፤ ሁለቱን እኩል ማየት ግን የእጅ ወፍጮና የናፍጣ ወፍጮን እኩል ማየት ነው። "1 ቴራው" ደግሞ እየተሽከረከረ የሚሠራው የድሮው ሀርድ ዲስክ ነው፤ ኤስኤስዲ የሚባለው ፈጣኑ አይደለም። ፓወር ሰፕላዩ የሠሪው ስም የለበትም። "500 ዋት" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በእጅ ሲያነሱት ግን ባዶ ጣሳ ነው የሚመስለው። መብራት ሄዶ መጣ በሚልበት አገር እንዲህ ያለው ዕቃ ሲቃጠል ብቻውን አይሞትም፤ ማዘርቦርዱንም ይዞ ነው የሚሄደው።

ከሁሉ የባሰውን ደግሞ ስሙ። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከኩባንያው የሚያገኘው የተለመደ ነፃ ድጋፍ ቆሟል። እኛ ሱቅ የገባነው ወር እንኳ ሳይቀረው ነበር! ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። የእህቴ ሁለት ዓመት እቁብ ወር ባልሞላ ጊዜ ሥርዓቱ ለሚያልፍበት ማሽን ሊሄድ ነበር ማለት ነው።

ሻጩ ሲያፍር "ጋሼ፣ ለእኔም እንዲህ ብለው ነው የሸጡልኝ" አለኝ። ዋሽቷል አልልም፤ ሊሆን ይችላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ልጅቷ መንገድ ላይ "ጋሼ፣ ታዲያ ትክክለኛው ዋጋ ስንት ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገርም እሷ ጥያቄ ናት።

ሁለተኛው ሱቅ ስንገባ ሻጩ ወጣት ነው፤ እንደ መጀመሪያው ምላሱ አይጣፍጥም። "ለምን ሥራ ነው የፈለጋችሁት?" ብሎ ጠየቀ። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ይኸን አልጠየቀንም! ከዚያ ወረቀት አወጣና በእስክርቢቶ ዘረዘረው። ፕሮሰሰር አይ ፋይቭ 12400ኤፍ 24 ሺህ፣ ማዘርቦርድ 15 ሺህ 500፣ ራም 16 ጊጋ 12 ሺህ፣ ኤስኤስዲ 512 ጊጋ 8 ሺህ 500፣ ስም ያለው ፓወር ሰፕላይ 9 ሺህ፣ ቆርቆሮው 6 ሺህ፣ ግራፊክስ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር 26 ሺህ። ድምር 101 ሺህ። "መገጣጠሚያና የስድስት ወር ዋስትና 7 ሺህ። 108 ሺህ ብር፣ ከነቫቱ" አለ። ከዚያም እኛ ሳንጠይቀው ሁለት ነገር ጨመረ። "ግራፊክሱ ያገለገለ ነው፤ አዲስ አልላችሁም። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ኤፍ ስላለበት የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ካርዱ ከተበላሸ ስክሪኑ ጨለማ ነው።"

በዋጋ ብንሄድ ከመጀመሪያው በ30 ሺህ ብር ይበልጣል። ሆኖም ፍትሐዊው ዋጋ ይኼኛው ነው እላለሁ። ፍትሐዊ ዋጋ ብዬ የምለው ሻጩ "ዘርዝረው" ሲባል የማያፍርበትን ዋጋ ነው። 7 ሺህ ብሩ ከዕቃው ድምር ከመቶ 7 እንኳ አይሞላም። ሰውየው ዕቃ መርጧል፣ ገጣጥሟል፣ ሲበላሽ ተጠሪ ሆኗል፤ ለዚህ ሊከፈለው ይገባል። ነጋዴ ያለ ትርፍ ይሥራ የሚል የዋህ አይደለሁም። ግራፊክሱን እንኳ ጠጋኙ በጂፒዩ-ዚ ፕሮግራም መርምሮ ስሙ እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠልን። የአሮጌ ካርድ ስም በአዲስ ስም ተለውጦ የሚሸጥበት ጊዜ ስላለ ይኼ ምርመራ ቀልድ አይደለም። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ኢቴሪየም የሚባለው የዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ ሲቀር፣ ቀንና ሌሊት ሲነዱ የኖሩ ካርዶች በየአገሩ ገበያ መፍሰሳቸውንም አትርሱ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልግባ። ነጋዴውን ብቻ ሰቅለን ብንሄድ ግማሹን እውነት ነው የተናገርነው። ዋጋውን ወደ ሰማይ የሰቀለው ማን ነው? በ1985 ዓ.ም. መስከረም ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲዘል ጉድ ብለን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር በ2018 መግቢያ ላይ በባንክ ከ140 ብር በላይ ሆነ። በምሳሌ ላሳያችሁ። አርቲኤክስ 3060 የሚባለው ካርድ በ2013 ዓ.ም. ሲወጣ የተተመነለት 329 ዶላር ነው። ይኸው 329 ዶላር በ57 ሲመታ 18 ሺህ 753 ብር፣ በ140 ሲመታ 46 ሺህ 60 ብር ነው። ካርዱ አንዲት ትራንዚስተር አልጨመረም! ማጓጓዣው፣ ቀረጡ፣ ቫቱና ትርፉ የሚጫኑት ከዚህ በላይ ነው።

የሚገርመው ደግሞ ይኸ ነው። በዚያው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. "አምስት ሚሊዮን ኮደሮች" እናፈራለን የተባለው ፕሮግራም በታላቅ ድምቀት ተጀመረ። ትምህርቱ በነፃ ነው፣ እሰየው! ግን ልጆቻችን በምን ላይ ሆነው ይማሩት? በጣታቸው አየር ላይ ይጻፉ? በአንድ እጅ "ኮደር ሁኑ" እያሉ በሌላው የኮምፒውተሩን ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ማድረግ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለተማሪ መሣሪያ የሚሆን ዕቃን ከቅንጦት ለይቶ ቀረጡንና ቫቱን ማቅለል አቅቶን ነው? እኔስ አይመስለኝም።

ሕጉስ? ሕግማ አለን! በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ፣ ስለ ዕቃው በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲሰጥ ያዛል፤ ሸማቹም ጉድለት ያለበትን ዕቃ የማስለወጥ ወይም ገንዘቡን የማስመለስ መብት አለው ይላል። እስቲ የኮምፒውተር ሱቆችን ዙሩና የተለጠፈ ዋጋ ፈልጉ። እኔ በዚያን ቀን ያየሁት የተለጠፈ ነገር "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ብቻ ነው። አዋጁና ይኸ ወረቀት በአንድ ግድግዳ ላይ እንዴት ይኖራሉ? "ያለ ደረሰኝ ይሻልሃል" የሚለውም ወጥመድ ነው። ያቺ የቀረችው 11 ሺህ 700 ብር መብታችንን የሸጥንባት ዋጋ ናት። ደረሰኝ የሌለው ሰው ማሽኑ በሳምንቱ ቢቃጠል ምን ይዞ ነው የሚከሰው?

ለነጋዴው ደግሞ አንድ እውነት ልመስክር። ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ወጣት ጋ ራም ለመጨመር ደውለን "ዋጋው ጨምሯል" ሲለን "ይኸውልህ፣ እሱም ሌባ ሆነ!" ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። በዚያ ሰሞን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት በዓለም ላይ ያለውን የራም ምርት እየጠቀለሉ ዋጋው በየአገሩ ንሮ ነበር። ማይክሮን የሚባለው ትልቅ አምራች እንኳ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ሸማች ይሸጥ የነበረውን ንግድ እንደሚያቆም አስታውቋል። ስለዚህ የተወደደ ሁሉ ስርቆት፣ የረከሰ ሁሉ በረከት አይደለም።

እንግዲህ የእህቴ ብር ያስተማረኝን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ "ሲፒዩ ስንት ነው?" ብላችሁ ቆርቆሮውን አትጠይቁ። እውነተኛው ሲፒዩ ቆርቆሮው ውስጥ ያለች፣ መዳፍ ላይ የምታርፍ ነገር ናት፤ ሙሉ ቁጥሯን አስጽፉ። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ ቁጥርና ዋጋ በወረቀት ተቀበሉና ወረቀቷን ይዛችሁ ሁለት ሦስት ሱቅ ዙሩ። ዘርዝሮ የማይጽፍ ሻጭ ካጋጠማችሁ ደህና ዋሉ ብላችሁ ውጡ። ሦስተኛ፣ ድምሩን ሥሩ። እኔ በግሌ ለመገጣጠሚያና ለዋስትና ከድምሩ እስከ አንድ አሥረኛ ብከፍል አይቆጨኝም፤ ከዚያ በላይ ሲሆን "ለምን?" እላለሁ። አራተኛ፣ አስነስታችሁ፣ አስከፍታችሁ እዩ፤ ያገለገለው ካልተገለገለበት ተለይቶ ይነገራችሁ። አምስተኛ፣ ደረሰኝ! ደረሰኝ! ደረሰኝ!

እህቴ የተረፈውን 12 ሺህ ብር ስመልስላት ለቡና አጣጪዎቿ "ወንድሜ ነው የመረጠው" እያለች ትኩራራለች። ካቻቪቴ ይዞ የመጣውን ልጅ ማንም አያነሳውም፤ እኔም ውዳሴውን ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ኃጢአቴን ዛሬ በጋዜጣ ተናዝዣለሁ! ልጅቷ ግን አሁን ሌሊት ትተኛለች። ለእኔ ትልቁ ትርፍ እሱ ነው። በዚያው ቀን ያንን ጡረተኛ ኮሎኔል በ78 ሺህ ብር ተሸክሞ የሄደ ሌላ አባት እንዳለ ሳስብ ግን ደስታዬ ጎዶሎ ይሆናል። ጠጋኝ ጎረቤት የሌለውን ሰው ሊጠብቀው የሚገባው ሕግ ነበር።

ቸር ይግጠመን!