ሪፈር ወረቀት በሽተኛ አያስታምምም



ከጁምዓ ሶላት በኋላ በየመስጂዱ በራፍ ለህሙማን ሶደቃ እንሰበስባለን። መልካም ልማድ ነው። የመኪናውንና የሕክምናውን ገንዘብ አሟልተን ታማሚውን ወደ አዲስ አበባ እንሸኛለን። ታክሞ ሲመለስስ ማን ይቀበለዋል? ብዙ ጊዜ ማንም። አንድ የታጠፈ ወረቀትና አንድ ፌስታል መድኃኒት ይዞ ቤቱ ይገባል። አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም ተሰጥቶት ደርቦ የሚውጥ አለ። "ተሻለኝ" ብሎ የግፊት ኪኒኑን የሚያቆም አለ። ኢንሱሊኑን እንዴት እንደሚወስድ ሳይጠይቅ ረመዳንን የሚጾም የስኳር ታማሚም አለ።

እኛ የምንለው አጭር ነው፦ ታማሚውን ከሆስፒታል ተረክቦ እስከ ጤና ጣቢያውና እስከ ቤቱ የሚከታተል፣ ለዚሁ የሰለጠነ ነርስ ያስፈልጋል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) በኸንደቅ ዘመቻ ሲቆስሉ፣ ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) በቅርብ እየጠየቁ እንዲከታተሏቸው በመስጂዳቸው ድንኳን አስተክለውላቸዋል። ቁስለኛው ከጦር ሜዳ ስለወጣ ብቻ "በቃ" አልተባለም።

በዘመናችንም አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ምሁር ሜሪ ኔይለርና ባልደረቦቿ ይህንኑ ፈትሸዋል። የሰለጠነች ነርስ አዛውንቱን ገና ሆስፒታል ሳሉ ታገኛቸዋለች፤ ሲወጡም ቤታቸው እየሄደችና እየደወለች ትከታተላቸዋለች። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት መሠረት፣ በ24 ሳምንት ውስጥ ሆስፒታል ተመልሰው የተኙት ክትትሉን ካላገኙት 37 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ካገኙት ግን 20 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

በአገራችንም መሠረቱ አለ። ሆስፒታሎች ላይዘን ክፍል አላቸው፤ በቀበሌ ደረጃ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። የጎደለው እነዚህን የሚያገናኝ ሙያ ነው። ስልጠናው ቢያንስ አራት ነገር ያስይዝ፦ የድሮውንና የአዲሱን መድኃኒት ማስተያየት፤ ታማሚው የተነገረውን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲናገር ማድረግ፤ ለሚረከበው ጤና ጣቢያ አስቀድሞ መደወል፤ ከቀናት በኋላም ደውሎ "እንዴት ሆኑ?" ማለት።

"ነርሶቻችን ላሉት አልጋዎችም አልበቁም" ይባላል። እውነት ነው። ስለዚህ ስልጠናውን በነበረባት ሥራ ላይ መደረብ ግፍ ነው፤ ሰዓትም ሥልጣንም ይሰጣት። ደግሞም ተመልሶ የሚተኛ ታማሚ ያንኑ አልጋ ዳግም ይይዛል።

ነርሲንግ የምትማሩ ወጣቶች ሆይ! ይህንን ሙያ ጠይቁ፣ ያዙት። ሌሎቻችን ደግሞ ለታማሚ ሶደቃ ስንሰበስብ ለቀጠሮ መመለሻውም እናስቀምጥ፤ ከሰፈሩ አንድ ሰው እንመድብለት። ህመምተኛ አማና ነው፤ አማና ደግሞ መናኸሪያ ላይ አያበቃም።

አላህ ህሙማኖቻችንን ሙሉ ሺፋ ይወፍቃቸው።