በልጆች ኩላሊት ስለሚገኘው ጠጠርና ስለ አወጣጡ

በቡና ለቀማ ወራት ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው፥ ቅርጫት የያዙ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ወደ ቡናው ሲገቡና ሲወጡ ማየቱ አይቀርም። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ሆዱን ይዞ ሲያለቅስ ቢታይ የሰፈሩ ሰው የሚሰጠው ስም የታወቀ ነው። «ወስፋት ነው» ይባልና የወስፋት መድኃኒት ይገዛለታል። ሕመሙ ለጥቂት ቀን ጋብ ሲል መድኃኒቱ ሠራ ተብሎ ይመሰገናል፤ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ኪኒን ይፈለጋል። ትንሽ ልጅ ጎኑንና ሆዱን ለይቶ መናገር ስለማይችል ሁሉንም «ሆዴን» ይላል። የኩላሊት ጠጠር የትልልቅ ሰዎች በሽታ ነው ተብሎ ስለሚታሰብም በልጁ ላይ የሚጠረጥረው ወላጅ ጥቂት ነው።

በሽታው ግን ለልጆች ከቶ እንግዳ አይደለም። ምግቡ ከእህል ብቻ በሆነና ወተትና ሥጋ በማይበዛበት አገር ሁሉ፥ ይልቁንም በወንዶች ልጆች ፊኛ ውስጥ ጠጠር ሲገኝ ኖሯል፤ ዛሬ የጠገበችው አውሮፓም ቀድሞ ይህንኑ ታውቀው ነበር። በሂፖክራጥስ ስም የሚጠራው የጥንቱ የሐኪሞች መሐላ እንኳ፥ ሐኪሙ ለጠጠር ብሎ ሰውን እንዳይቀድና ሥራውን ለዚያው ለሠለጠኑት እንዲተው ያዛል። በኩላሊት ውስጥ የሚበቅለው ጠጠር ምክንያቱ ብዙ ነው። የሚጠጣው ውሃ ያንሳል፥ የሽንት መንገድ በተፈጥሮ ይጠብባል፥ ተደጋጋሚ የሽንት ልክፍት ይኖራል፥ ወይም ከወላጅ በዘር የሚወረስ ጉድለት አለ። (ቡና የሚጠጡ አዋቂዎች በጠጠር የሚያዙት ከማይጠጡት ባነሰ ቁጥር መሆኑን አንዳንድ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ይህን ሰምቶ ለልጁ ስኒ የሚያቀርብ እንዳይኖር አደራ እንላለን።)

ጠጠሩ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ በምን ይውጣ የሚለው ነው። ለብዙ ዘመን መልሱ አንድ ብቻ ነበር፤ ጎኑን በሰፊው ቀዶ ኩላሊቱን ከፍቶ ማውጣት። በአገራችን በብዙ ሆስፒታሎች ዛሬም የሚደረገው ይኸው ነው፤ ነፍስ ያዳነ ሥራ ስለሆነም አይናቅም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ጠጠር የያዘው ልጅ ዕድሜው ገና ረዥም ነውና ሌላ ጠጠር ሊያበቅል ይችላል። የተቀደደው ሥፍራ ጠባሳ ስለሚይዝ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ከመጀመሪያው የከበደ፥ ሦስተኛውም ከሁለተኛው የባሰ ይሆናል። ሰፊውን መቅደድ የሚተካ ነገር ከማንም ይበልጥ የሚያስፈልገው ለልጅ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

የሚተኩት መንገዶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በእኛ አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ዶክተር ክርስቲያን ሾሲና ባልደረቦቻቸው በሰው ላይ የሠሩበት ነው። መኪናውን የሠራው ዶርኒየር የተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ መሆኑ ያስገርማል። ከሰውነት ውጭ የሚነሣ ኃይለኛ ሞገድ ቆዳውን ሳይቀድ አልፎ ጠጠሩን ይፈጫል፤ ፍርፋሪው በሽንት ይወርዳል። የልጅ የሽንት ቱቦ አጭርና የሚለጠጥ ስለሆነ ፍርፋሪውን ከአዋቂው ይልቅ በቀላሉ ያሳልፋል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ሐኪሞች ከ2 ሳንቲ ሜትር ለማይበልጥ የልጅ ኩላሊት ጠጠር አስቀድመው የሚመክሩት ይህን ነው። ሁለተኛው በሽንት መውጫ በኩል ቀጭን መነጽር አስገብቶ ጠጠሩን በሌዘር መሰባበር ሲሆን፥ ጠጠሩ ወደ ቱቦው ወርዶ ለተቀረቀረበት ልጅ የተመረጠ ነው። ሦስተኛው ከጀርባ በኩል በጠባብ ቀዳዳ ኩላሊቱ ውስጥ መግባት ነው። ይህን የስዊድን ሐኪሞች ፌርንስትረምና ዮሃንሶን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 አስታወቁት። በዚያን ጊዜ የቀዳዳው ስፋት ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ይጠጋ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለልጆች የሚሆኑ መሣሪያዎች እየቀጠኑ ሄደው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ትልቁን ጠጠር ሳይቀር ማውጣት ተችሏል።

ከሦስቱ የትኛው ይሻላል ቢባል መጽሐፉ የሚመልሰው በጠጠሩ መጠንና ሥፍራ ነው። እኛ ግን መንገዱንም አብረን እንድንቆጥር ያስፈልጋል። ሞገዱ ቆዳ አይነካም፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አያልቅም፥ ሁለትና ሦስት ጊዜ መመላለስ ይጠይቃል። ትንሹ ልጅ ሳይንቀሳቀስ እንዲተኛ በየጊዜው ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ከጌራ ወይም ከሊሙ ቀበሌ ልጁን አዝሎ የመጣ ገበሬ፥ ለመኪናና ለማደሪያ ከፍሎ ቡናው በዛፉ ላይ ሲረግፍበት ሦስተኛውን ቀጠሮ ይጠብቃል ብለን ለማመን ይከብደናል። ቀረ ማለት ደግሞ ግማሹ ጠጠር በልጁ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ሞገድ የሚያነሣው መኪናም ዋጋው ከባድ ነው፤ የተበላሸ እንደሆነ መለዋወጫው ከውጭ አገር ይጠበቃል።

ስለዚህ ለጅማና በዙሪያዋ ላሉት የቡና ከተሞች በአንድ ጊዜ የሚጨርሰው የጠባቡ ቀዳዳ ሕክምና ቢቀድም ይሻላል ብለን እናምናለን። በአየር ግፊት እንደ መሮ እየመታ ጠጠሩን የሚሰብረው መሣሪያ ጠንካራና ዋጋውም ከሌዘር ያነሰ ነው። ቀዳዳው የሚከፈትበትን ሥፍራ በራጅ ፈንታ በአልትራሳውንድ መፈለግ ስለሚቻልም ልጁ ከጨረር ይድናል። ይህን ስንል አደጋውን አንሸሽግም። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በመላ ሰውነቱ ያለው ደም አንድ ሊትር አይሞላም፤ ለአዋቂ ቀላል የሆነው መድማት ለእርሱ ከባድ ነው። ለማጠቢያ የሚፈሰው ጨው ያለበት ውሃ ካልሞቀ ልጁ በጠረጴዛው ላይ ይበርዳል። እንግዲህ መሣሪያውን ከመግዛት በፊት የተዘጋጀ ደም፥ ልጅ ማደንዘዝ የሚያውቅ ባለሙያና እጁ በሥራው የለመደ ሐኪም መኖር አለባቸው። በ1930 ዓ.ም. ለጣሊያን ወታደሮች ተብሎ የተቋቋመው የጅማ ሆስፒታል ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆኗልና፥ እንዲህ ያለው እጅ የሚሠለጥንበት ቦታ በደቡብ ምዕራብ ሌላ አንፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ከሕክምናው በኋላ የሚሆነው ነው። ሽንት እንዳይታገድ ብዙ ጊዜ ከኩላሊት እስከ ፊኛ የሚደርስ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በውስጥ ይተዋል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መውጣት አለበት። ልጁ ሕመሙ ለቆት ሲጫወት ያየች እናት «ዳነልኝ» ብላ ቀጠሮውን ብትረሳው ማን ይፈርድባታል? ቱቦው ግን በውስጥ ሲቆይ ራሱ ጠጠር ይለብሳል፤ ወራትና ዓመት ካለፈ ኩላሊቱን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ሊጠርግ የመጣው መሣሪያ ከበሽታው የባሰ ጠላት ይሆናል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መዝገብ እንጂ ታላቅ ገንዘብ አይደለም። ቱቦ ያለበት ልጅ ሁሉ ስሙ፥ የቀበሌው ስምና ቱቦው የሚወጣበት ቀን ይጻፍ፤ ለእናቲቱም ወረቀቱ ሐኪሞች ብቻ በሚያነቡት በእንግሊዝኛ ሳይሆን በምትሰማው ቋንቋ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ይሰጣት፥ ማንበብ ካልቻለችም በአፍ ይነገራት። ቀኑ ያለፈ እንደሆነ በቀበሌዋ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በስልክ ይነገራትና ወደ ቤቱ ትሂድ። የወጣው ጠጠርም አይጣል፤ ከምን እንደተሠራ በላቦራቶሪ ቢታወቅ ለልጁ ምን መብላትና ምን መድኃኒት መውሰድ እንደሚገባው መንገር ይቻላል። እስከዚያው ድረስ ለቀማ የሚወጣ ልጅ ከቅርጫቱ ጋር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ የተሞላ ጀሪካን ይያዝ፤ ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ፥ ደም ከቀላቀለ፥ ወይም እየሸና ካለቀሰ ሌላ የወስፋት ኪኒን ሳይገዛ ሽንቱን የሚመረምርና አልትራሳውንድ ያለበት ጤና ድርጅት ይወሰድ። ትኩሳት ከጨመረበት ግን የቡናው ቀን እስኪያልፍ አይጠበቅ፤ በዚያው ሌሊት ይወሰድ።